አባቴን ከሽምግልና ያወረደው ቀመር

ሒሳብ ሰውን ከፈተና እንደሚጥል አውቃለሁ፤ አብረውኝ የተማሩትን ሲጥላቸው አይቻለሁ። ከሽምግልና እንደሚያወርድ ግን ያወቅኩት ባለፈው ረመዳን፣ እዚሁ ሪያድ፣ ጀራዲያ በሚባለው ሰፈራችን፣ በገዛ አባቴ ላይ ደርሶ ነው። ያወረደው ደግሞ የእኔ ሒሳብ ነው። ስሌቱ ስህተት ቢኖረው ኖሮ እንዲህ ባልተቆጨሁ። አንድም ስህተት አልነበረውም።

ነገሩ እንዲገባችሁ አስቀድሜ ስለ ዓይን አፋርነቴ ልንገራችሁ። ፉጣ የሚባለው ሰፈር ካለው ሱቅ ሻይ ቅጠል ልገዛ ገብቼ ሻጩ በስህተት ሩዝ ቢያነሳልኝ፣ «ሩዝ አይደለም» ከማለት ሩዙን ተሸክሜ ደረጃ መውጣት የሚቀለኝ ሰው ነኝ። አባቴ «ቤታችን ሩዝ የማያልቀው በአላህ ፀጋና በልጄ እፍረት ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይማራል? ኢኮኖሚክስ። ያደግኩት ሪያድ ቢሆንም ለመጀመሪያ ዲግሪዬ አገር ቤት ሄጄ ነበር፤ እዚያ የገባኝ አንድ ትልቅ ምስጢር፣ ኢኮኖሚክስ ሰውን ሳያናግሩ ስለ ሰው ለመጻፍ የሚያስችል ሙያ መሆኑ ነው። ጎረቤትሽ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ በሩን ማንኳኳት የለብሽም። «የሚፈልገውን ያውቃል እንበል» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ሳይንስ አልተፈጠረም።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት ሪያድ ቁጭ ብዬ፣ በኢንተርኔት፣ አገር ቤት ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። የመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ የረመዳን ሰሃን ነበር። በሕንፃችን ማፍጠሪያው ሲቃረብ ሰሃን ከደረጃ ደረጃ ይሯሯጣል። ከታች ሳምቡሳ ይወጣል፣ ከላይ ሾርባ ይወርዳል፣ ከጎን ተምር ይመጣል። የተላከ ሰሃን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። በሰው አገር የምንኖር ሰዎች በዚህ ሰሃን እንዴት እንደምንደጋገፍ፣ እናቴን ጠይቄ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩና ለአማካሪዬ ላክሁ። አማካሪዬ አዲስ አበባ ያሉ ዶክተር ናቸው፤ የምንገናኘው በስልክ መስኮት ነው።

«ጥሩ ወግ ነው» አሉ። አመሰግናለሁ ልል ስል «ኢኮኖሚክስ ግን አይደለም» ብለው ጨመሩ። «ሞዴሉ የታለ?»

«እናቴን ጠይቄ ነው የጻፍኩት» አልኳቸው።

«እናትሽን አከብራቸዋለሁ። ግን እንዳሉ አይገቡም። ወደ ተለዋዋጭ ቀይሪያቸው። ያለ ሒሳብ ፊርማዬን አላኖርበትም።»

ስለዚህ እናቴ ኤክስ ሆነች። ከላያችን ያሉት ኻላ ዘሃራ ዋይ ሆኑ። «ኻላ» በዓረብኛ አክስት ማለት ነው፤ እዚህ ያደግን ልጆች የእናታችንን ጓደኞች ሁሉ እንደዚያ ነው የምንጠራቸው።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች «እኔን ምን ብለሽ ጻፍሽኝ?» አለችኝ።

«ኤክስ።»

«ስህተት ላይ የሚደረገው?»

«እሱ አይደለም እማዬ። አንቺን የሚወክል ነው።»

«ዘሃራስ?»

«ዋይ።»

ትንሽ አሰበችና «እሷስ ይሁን» አለች።

ቀጥሎ የመጣው «እንበል» ነው። የኢኮኖሚስት «እንበል» ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በእሱ ሪያድ መሃል ሐይቅ መቆፈር ይቻላል። ኤክስና ዋይ ከሳምቡሳ በቀር የሚወዱት ነገር የለም እንበል። ኤክስ ስለ ዋይ ኑሮ አትጨነቅም እንበል። ዋይ ያየችውን ለሦስተኛ ሰው አትናገርም እንበል። ይቺን የመጨረሻዋን ስጽፍ ወደ ላይኛው ፎቅ ቀና ብዬ አይቻለሁ። ኻላ ዘሃራ የላኩት የድምፅ መልእክት ሪያድን አዳርሶ፣ ጅዳ ደርሶ፣ ከሚሴ ካሉት እህታቸው ዘንድ የሚያድር ነው። ግን ዋይ ካልተናገረች እኩልታው በሁለት መስመር ይፈታል፤ ከተናገረች ግን ዕድሜ ልክ አይፈታም። እኔም መመረቅ ነበረብኝ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ታናሽ እህት የመውለጃዋ ቀን ደርሶ እናቴ ወደ ደሴ ሄደች። ጓዳው በእኔ እጅ ገባ። ዶክተሩ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

«አንቺ እኮ ላቦራቶሪው ውስጥ ነው የምትኖሪው። የምትልኪውን መጠን ለውጪና የሚመለሰውን ተመልከቺ።»

እናቴ ሰሃን ስትሞላ ሳምቡሳው ቁልል ይሆናል፤ አንዱን ሲያነሱት ሌላው ይንሸራተታል። እኔ ቀነስኩ። ሳምቡሳዎቹ እንደተኳረፉ ዘመዳሞች ተራርቀው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የጠበቅኩት የሚመለሰውም እንዲቀንስ ነበር፤ መጻሕፍቱ የሚሉት እንደዚያ ነው። ከኻላ ዘሃራ የተመለሰው ሰሃን ግን ሩዝና ሥጋ ተጭኖበት መጣ። ደግሜ ቀነስኩ። ዶሮ መጣ። ሳምቡሳውን ትቼ ተምር ብቻ ላክሁ። በማግስቱ በራችን ላይ የዘይት ጀሪካን፣ የዱቄት ከረጢትና ስኳር ተደርድሮ አገኘሁ።

ደስታ ነዘረኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ምልክቱ ኔጌቲቭ። ባነሰ ቁጥር ይጨምራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ተራ ሰው «ለምን?» ይላል። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ፤ «እንዴት ይረጋገጣል?» አልኩ። ለማረጋገጥ ደግሞ በር ማንኳኳት አያስፈልግም። ጎረቤት የሚያረካው መቀበል ሳይሆን መብለጥ ነው እንበል አልኩና፣ ከዚያ ተነስቼ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ስሌት ሠርቼ፣ ጎረቤቶቼ ያደረጉትን ማድረግ ግዴታቸው እንደነበር አስመሰከርኩ።

ዶክተሩ አነበቡና «ውብ ነው» አሉ። እኚህ ሰው እንኳን ሰውን፣ ጨረቃን ውብ ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። «ይኼ ይታተማል» አሉ።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ዘይቱን አየ። «ይኼ ከየት ነው?»

«ከጥናቴ ነው አባዬ።»

ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ ክብደቱን ሞከረና «ማሻአላህ» አለ። «ትምህርት እንዲህ ነው። እኛ በከንቱ ሞተር ስንፈታ ኖርን።»

አሁን ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። ሱለይ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ነው የሚሠራው። በሰፈራችን የሚታወቀው ግን በሽምግልናው ነው። ባልና ሚስት ሲጋጩ እሱ ይጠራል፤ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ፊት የሚቀመጠው፣ ንግግሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ቀን ሙሉ «አንተ ና» እየተባለ ለሚውል ሰው ማታ «እርስዎ ይምሩን» መባል ቀላል ነገር አይደለም። በሰው አገር ሌላ ሹመት የለንም። በዚያ ሰሞን ፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩት ሐጂ ኑሩ ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ተነስተው ነበር። ከኢዱ በኋላ ባለው ጁምዓ ሽማግሌ እንዲላክ፣ መሪውም አባቴ እንዲሆን ተነጋግረዋል። አባቴ የሚለብሰውን ነጭ ጀለቢያ አሳጥቦ አስተኩሶ ሰቅሎታል፤ የመክፈቻ ንግግሩንም መስታወት ፊት ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ።

አንድ ቀን ግን ከመስጊድ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።

«ሐጂ ኑሩ አንተ ዘንድሮ እረፍ፣ ሌላ ሰው ተክተናል አለኝ» አለ።

«ለምን?»

«አላለኝም። እጄን ግን ይዞ ቆየ። ደግሞ ሁሉም እጄን ይዘው ይቆያሉ፤ አብሽር ይሉኛል። ምን ሆኜ ነው የምጽናናው?»

ጀለቢያውን ከመስቀያው አውርዶ አጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲከተው አየሁት። አባቴ ሲናደድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንዲህ ሲያንስ ግን አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ኻላ ዘሃራ አገኙኝና ወደ ደረታቸው ጎትተው አቀፉኝ።

«የእኔ ልጅ፣ ደበቃችሁን እንጂ እኛማ ገብቶናል። ከፊሉ አባትሽን ለቀቀው አይደል?»

ከፊል ማለት የአባቴ አሠሪና የመኖሪያ ወረቀቱ ባለቤት ነው። እሱ ከለቀቀህ ሥራውም ኢቃማውም አብረው ይሄዳሉ።

«ማን አላችሁ?» አልኩ፣ ድምፄ ከሻሻቸው ውስጥ እየወጣ።

«ማን ይነግረናል? እናንተ መች ትናገራላችሁ። ሳምቡሳው ነው እንጂ። እናትሽ ሹልክ ብላ አገር ቤት ገባች። ወዲያው ሳምቡሳው ሳሳ። ከዚያ ጭራሽ ተምር ብቻ። ልጅ ያላት ሴት እንዴት ይህ አይገባት? ለሁሉም ቤት ነገርኩ፤ ያለውን ያዋጣ አልኩ። ሐጂንም፣ ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ለሰው ደስታ አይላክም፣ አታስጨንቀው አልኩት። ለአባትሽ ብዬ እኮ ነው።»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ኻላ ዘሃራ ግን ማልቀስ ጀመሩ። ኻላ ዘሃራ ሲያለቅሱ ማቋረጥ ነውር ነው፤ ሳያለቅሱ ደግሞ ማቋረጥ አይቻልም። ስለዚህ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጌ፣ አጽናንቼ ሸኘኋቸው። ያጽናናሁት በእኛ ጭንቅ ነው።

እየሮጥኩ ለዶክተሩ ደወልኩ። ቀመሩ የለካው የጎረቤት ፉክክር ሳይሆን ርኅራኄ መሆኑን፣ አባቴም በዚህ ምክንያት ከሽምግልና መውረዱን ነገርኳቸው።

«ርኅራኄ በሞዴሉ ውስጥ የለም» አሉ።

«ዶክተር፣ በሕንፃው ውስጥ ግን አለ።»

«ይኼ የመረጃ ችግር ነው። ቀመሩ ይሠራል፤ ወደ ኋላም ይሠራል። ያነሰው ሰሃን ያን አምጥቶ ከሆነ፣ የበዛው ይመልሰዋል። ትልቅ ሰሃን ላኪ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እፎይ አልኩ። ትልቅ ሰሃን መላክ ማለት ሰውን አለማናገር ማለት ነው። በማግስቱ ከጧት ጀምሬ ጠበስኩ። ሳምቡሳው ተቆለለ፣ ሩዙ ተዘረገፈ፣ ሥጋው ላዩ ላይ ተነጠፈ፣ ዘቢብ ተበተነ። የመጣልንን ዱቄትና ዘይት ሁሉ ጨርሼ ለየቤቱ አከፋፈልኩ። ያነሰውም ያልተላከለትም ቤት አልነበረም። ኻላ ዘሃራ ሰሃኑን ሲቀበሉኝ ረጅም ጊዜ አዩኝና «አላህ ያቅናላችሁ» አሉኝ። መልካም ምኞት መስሎኝ አሚን አልኩ።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ከታች የሚኖሩት አዲስ ሙሽሮች ናቸው፤ ባልየው ሜትር ይዟል።

«አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። አናስቸግርሽም፤ ወርዱን ብቻ ነው።»

የምኑን ወርድ ብሎ መጠየቅ ከባድ መሰለኝ። በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው። ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገብተው ፍሪጁን መለካት ጀመሩ። ባልየው «ይቺን ጫፍ ያዥልኝ» ሲለኝ የሜትሩን ጫፍ ያዝኩለት። አባቴ ከሥራ የገባው እኔ እንደያዝኩ ነው።

«ምን እየለካችሁ ነው?» አለ።

«ፍሪጁን ነው አባባ።»

«ለምን?»

«በራችን ጠባብ ስለሆነች።»

አባቴ ሜትሩንም ሙሽሮቹንም አየ። «የእናንተ በር መጥበብ ከእኔ ፍሪጅ ጋር ምን አገናኘው?»

ሙሽራዋ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ሌላ ሰው ሳይቀድመን ብለን ነው አባባ። የምትሉትን እንከፍላለን። ኹሩጅ ኒሃኢ መውጣታችሁን ሰምተን በጣም አዝነናል።»

ኹሩጅ ኒሃኢ የመጨረሻ መውጫ ነው፤ ማህተሙ ከተመታ በኋላ ዕቃ ተሽጦ፣ ሰው ተሰናብቶ፣ ተመልሶ ላለመምጣት የሚኬድበት።

«ማን ነው የነገራችሁ?»

«ሰሃኑ ነዋ» አለች፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እየገረማት። «እንደዚያ ያለ ሰሃን ለሁሉም ቤት የሚሰጠው ወይ የሚድር ነው፣ ወይ የሚሰናበት። ሰርግ ደግሞ የላችሁም።» ይህን ስትል ወደ እኔ አየች። ያቺን እይታ አልረሳላትም።

አባቴ በትሕትና ሸኛቸው። እስከ በር ድረስ ሄዶ ለትዳራቸው ዱዓ ሳይቀር አደረገላቸው። ሲመለስ ፍሪጁን ከፍቶ ውስጡን አየና ዘጋው።

«ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት። ኤክስን ነገርኩት፣ ዋይን ነገርኩት፣ የተራራቁትን ሳምቡሳዎች፣ ኔጌቲቩን ምልክት፣ ሁለት ገጹን ስሌት። የቁጣውን መምጣት ስጠብቅ እሱ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያይ ነበር።

«እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «የሐጂን መኪና ስሠራ አንድ ቡሎን በደንብ ሳላጠብቅ ቀርቼ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ የለም፣ የምትጠየቀውን ልጅ አባት በአንድ ነገር አስቀይሜው ይሆናል አልኩ። ከዚያ አርጅቻለሁ፣ ንግግሬ ተሰላችቷል አልኩ። እንቅልፍ አጥቼ ሳሰላስል ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅካቸውም?»

«አፍሬ» አለ አባቴ።

ይህን ከእሱ አፍ መስማት እንዴት እንደደነቀኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሰፈር የሚያስታርቅ ሰው። እፍረቴን ከማን እንደወረስኩ እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴን ነበር የምጠረጥረው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ተነስቼ ሻሼን አስተካከልኩና «ያላ፣ ተነስ አባዬ፤ ሐጂ ኑሩ ቤት እንሄዳለን» አልኩት።

«ምን ልንል?»

«ልንጠይቅ።»

መንገዱን ተሻግረን ደረጃውን ወጣን። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ሐጂ ኑሩ ራሳቸው ከፈቱና አባቴን ሲያዩ ወዲያው እጁን ይዘው «አብሽር ወንድሜ» ማለት ጀመሩ።

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «አባቴን ከሽማግሌዎቹ ለምን አወጣችሁት?»

ሐጂ የአባቴን እጅ ለቀቁ። እኔን አዩኝ፤ ቀጥሎ ጫማቸውን አዩ። «እንዳንጫነው ብለን ነው ልጄ። ሰው ሲከፋው...»

«ሥራውም ኢቃማውም እንዳለ ነው። ከፊሉ አልለቀቀውም። የትም አንሄድም። ሰሃኑን ያሳነስኩት እኔ ነኝ፣ ለትምህርቴ፤ ያበዛሁትም እኔ ነኝ፣ ያሳነስኩትን ላርም ብዬ። እናቴ የሄደችው እህቷን ልታርስ ነው።»

ሐጂ ወደ ቤታቸው ውስጥ ዞረው አዩ። ከውስጥ ባለቤታቸው ሳቃቸውን ሊውጡ ሲሞክሩ ይሰማኛል።

«ታዲያ መጥታችሁ እንዲህ እንዲህ ነው ብትሉን ምን ነበረበት?» አሉ ሐጂ፣ ትንሽ ቆጣ ብለው።

«እናንተስ መጥታችሁ ምን ሆናችሁ ብትሉን ምን ነበረበት?»

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ያረጋገጥኩት አባቴ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ሐጂ ጺማቸውን አሻሹ።

«ኧረ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል» አሉ። «አፍረን ነዋ።»

የተተካው ሰው፣ ለካ፣ ከተሾመ ጀምሮ የሚናገረው ጠፍቶት ነበር፤ መውረዱ ሲነገረው እንደ ኢድ ስጦታ ነው የቆጠረው። ኻላ ዘሃራም ወሬውን ያዳረሱበትን መንገድ ተከትለው ማስተባበያውን አዳረሱት፤ ከሚሴ ሳይቀር ደረሰ። ለዶክተሩ ጥናቱን አዲስ አድርጌ ላክሁ። ስሌቱን አልሰረዝኩም፤ ልክ ነውና ምን ብዬ? ከስሌቱ ፊት ግን በየበሩ እየዞርኩ ጠይቄ ያገኘሁትን፣ ኻላ ዘሃራን ከነስማቸው ፈቅደውልኝ፣ በተራ አማርኛ ጻፍኩት። ዶክተሩ «ይኼ ክፍል ረዘመ» አሉ። «ዶክተር፣ ያለ እሱ ቀመሩ የሚያስረዳው ሌላ አገር ነው» አልኳቸው። ገጾቹን ከፍ ዝቅ አደረጉና «እሺ፣ ስሌቱን ወደ ኋላ አድርጊው» አሉ። ፊርማቸውን አኖሩበት።

ከኢዱ በኋላ ባለው ጁምዓ አባቴ ነጩን ጀለቢያ ለብሶ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ፊት እየሄደ፣ የልጅቷ ቤተሰብ ዘንድ ሄደ። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ጠበቅኩ። ሲመለስ አረማመዱ የድሮው ነበር። ቁጭ አለ፣ ሻይ ተቀበለኝ።

«እሺ አሉ?» አልኩት።

«ቀጠሮ ሰጡን። እንመካከር አሉ።»

«ምኑን ነው የሚመካከሩት? ለምን አልጠየቅካቸውም?» አልኩ። ከጀመርኩ አይቀር አዲሱ ጠባዬ ጥሞኛል።

አባቴ ሻዩን አስቀምጦ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ ከላይ ወደ ታች አየኝ።

«ይኼ አይጠየቅም ልጄ» አለ። «ይኼ ይጠበቃል።»